«ታይሚንጉ ተቀይሯል» ሲሏችሁ «ውሃ ፓምፑስ?» በሉ

መኪናዋን ስገዛ ሻጩ የነገረኝ ሁሉ እውነት ነበር። ይህን ቀድሜ የምናገረው ያገለገለ መኪና ገዝቶ የተቃጠለ ሰው ታሪኩን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ «ደላላው ሸወደኝ» ስለሚል ነው። እኔን ማንም አልሸወደኝም። ሰውዬው «ታይሚንግ ቤልቱ ከተቀየረ ዓመት አልሞላውም» አለኝ። በኋላ ሲከፈት እንደታየው ቤልቱ በእርግጥም አዲስ ነበር። ጣጣው የመጣው ከጎኑ ካለው ውሃ ፓምፕ ነው፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ከሚያዞረው ዕቃ።

መኪናዋ ባለ አምስት በር ቶዮታ ራቭ ፎር ናት፤ በፈረንጆች 1998 ሞዴል። አሮጌዋ ራቭ ፎር የምንላት ማለት ነው። ሞተሯ 3ኤስ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 2000 ሲሲ ቤንዚን ነው። ጠንካራ ሞተር ነው፤ መካኒኮች ይወዱታል፤ ዕቃውም አይጠፋም። ግን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ሞተር ላይ ታይሚንግ ቤልቱ ሥራው ብዙ ነው። ክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ከካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር አስተሳስሮ ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ያደርጋል። የዘይት ፓምፑን ያዞራል። ውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው እሱ ነው። ስለዚህ ፓምፑ የሚገኘው እዚያው ታይሚንጉ ሽፋን ሥር ነው። ኮፈን ከፍታችሁ ብታዩ አይታያችሁም። ለመቀየር ደግሞ ጎማ መፍታት፣ ሞተሩን በክሪክ መደገፍ፣ የሞተር መያዣውን ማውረድ፣ ፑሊ መንቀል አለ። ዕቃው ርካሽ ሆኖ የእጅ ዋጋው የሚወደደው ለዚህ ነው።

ቤልቱ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ፓምፑም ዕድሜው ከዚያ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ አንዱን አውጥቶ ሌላውን መተው ምን እንደሚያስከትል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ መቀነስን ነው። በጣም ትንሽ። የራዲያተሩ መጠባበቂያ ዕቃ ላይ ካለው መስመር ዝቅ ይላል፣ እሞላለሁ፣ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ዝቅ ይላል። ከመኪናዋ ሥር ግን ጠብታ የለም። ጠዋት ካርቶን አንጥፌ አይቻለሁ፤ ደረቅ ነው። ቀጥሎ ሽታ መጣ፤ ሩቅ ነድቼ ሳቆማት ጣፋጭ፣ የተቃጠለ ሽሮፕ የሚመስል ሽታ። ሦስተኛው ምልክት ድምፅ ነበር። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ በቀኝ በኩል ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ትንሽ ከሞቀ በኋላ ይጠፋል።

እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ውሃ ፓምፕ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ፓምፑ ላይ ሆን ተብላ የተሠራች ትንሽ ቀዳዳ አለች። የውስጡ ማሸጊያ ሲደክም ውሃው ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ ከሚፈስ በዚያች ቀዳዳ እንዲወጣ ታስቦ ነው። ራቭ ፎር ላይ ግን ያ ውሃ የሚወጣው ሽፋኑ ውስጥ ነው። ከፊሉ በሙቀት ይተናል፣ ከፊሉን የሚሽከረከረው ቤልት ወዲያና ወዲህ ይረጨዋል። መሬት ላይ የማይንጠባጠበው ለዚህ ነው። ፉጨቱ ደግሞ የኩሽኔታው ነው።

የወሰድኳት ጋራዥ ግን ታይሚንጉ አዲስ መሆኑን ስነግራቸው ያንን በኩል ጨርሶ አላዩትም። «እሱ ተነክቷል» አሉ፣ አለቀ። ራዲያተሩን አውርደው አስበየዱ። ክዳኑን ቀየሩ። ፉጨቱን የዳይናሞ ቺንጊያ ነው ብለው እሱንም ቀየሩ። መጨረሻ ላይ ቴርሞስታቱን አውጥተው «አሁን ውሃው እንደልቡ ይዞራል» አሉኝ። የሙቀት መርፌዋ ከግማሽ በታች ወረደች። ሁላችንም ደስ አለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጭ። ቴርሞስታት ማውጣት በከተማችን እንደ ሕክምና ተቆጥሯል፤ ሕክምና አይደለም። ቴርሞስታቱ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዞ፣ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለቃል። እሱ ከሌለ ከቦሌ መገናኛ እየነዳችሁ ሞተሩ በቂ አይሞቅም። ነዳጅ ይበላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የደከመውን ፓምፕ ይሸፍንላችኋል። ከተማ ውስጥ መርፌዋ ቁጭ ብላ ትታያለች። የፓምፑ ድካም የሚገለጠው ረጅም ዳገት ላይ ነው። እኔ ደግሞ የመረጥኩት ዳገት ዓባይ በረሃ ሆነ።

ደብረ ማርቆስ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር። ጎሐ ጽዮን ድረስ ምንም ችግር አልነበረም። ቁልቁለቱም ሰላም ነው፤ ሞተሩ አይደክምም። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን መውጣት ስጀምር ነገር ተቀየረ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከሺህ ሜትር በላይ ወርዳችሁ ያንኑ መልሳችሁ ትወጣላችሁ፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ በቀን ሙቀት፣ ከፊታችሁ የተጫነ ተሳቢ እያዘገመ። መርፌዋ መሐል ላይ ነበረች። ከዚያ አለፈች። ኤሲውን አጠፋሁ። ማሞቂያውን መጨረሻ ድረስ ከፈትኩ፤ ይሄ የሚሠራ ዘዴ ነው፣ ማሞቂያው እንደ ትንሽ ራዲያተር ሙቀት ይቀንሳል፣ እናንተ ግን ትቀቀላላችሁ። ነገር ግን ከማሞቂያው የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ሆነ። ሞተሩ እየፈላ ማሞቂያው ከቀዘቀዘ ውሃው አይዞርም ማለት ነው። ወይ አልቋል፣ ወይ ፓምፑ አይገፋውም። ከዚያ በኋላ አንድ ኩርባ እንኳ አትጨምሩ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ።

ኮፈኑን ስከፍት አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆመልኝ። እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ስሰድ ከሩቅ ጮኸ፦ «እንዳትነካው! ፊትህን ይልጥልሃል!» ትክክል ነው። የዚያ ክዳን ሥራ ውሃውን በግፊት መያዝ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተር ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ሳይፈላ የሚቆየው ግፊት ስላለው ነው። ክዳኑ ሲከፈት ውሃው ባንዴ ፈልቶ ከእንፋሎት ጋር ይፈናጠራል። ሾፌሩ ሌላም ነገር ከለከለኝ። በጀሪካን የያዝኩትን ቀዝቃዛ ውሃ ሞተሩ ላይ እንዳላፈስ። የጋለ ቴስታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ባንዴ ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። «ቁጭ በል ወንድሜ፣ ዓባይ የትም አይሄድም» አለኝና ከጥላ ሥር ተቀመጥን።

ሲበርድ በስልኩ መብራት ከሥር አየ። በታይሚንጉ ሽፋን ታችኛው ጠርዝ ላይ ሮዝ ነገር ደርቆ ተጋግሯል። በጣቱ አሳየኝ። ያ ደርቆ የቀረ ኩላንት ነው። ራዲያተሩ ከዚያ ቦታ ጋር አይገናኝም። «ይሄ ውሃ ፓምፕ ነው። ታይሚንግህን ማን ሠራው?» አለ። ይህንን ጥያቄ ከወራት በፊት አንድ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ።

ውሃ ሞልቶ እየቆሙ መንዳት ይቻላል የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ሾፌሩ አልተስማማም። «ኩሽኔታው ከተነቃነቀ ፓምፑ ይይዛል። ሲይዝ ቤልቱን ይበጥሰዋል።» በገመድ ጎትቶ ደጀን አደረሰኝ። ገንዘብ ስሰጠው የናፍጣውን ብቻ ተቀበለ። ከደጀን በሌላ ባዶ መኪና አስጭኜ ማርቆስ ገባሁ። ክርስትናው አልፏል፤ እህቴ እስካሁን ታነሣብኛለች።

ማርቆስ ያገኘሁት መካኒክ ዕድሜው የገፋ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። መጀመሪያ ያደረገው ታይሚንጉን መክፈት አልነበረም። የዘይት መለኪያውን ሳበና አየው። ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል፣ ከቴስታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሄዷል ማለት ነው። ንጹሕ ነበር። ውሃ ሞልቶ ሞተሩን ለአጭር ጊዜ አስነሣና በራዲያተሩ አፍ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ተመለከተ። የጭስ ማውጫውን አየ፤ ነጭ ጭስ የለም። «ቶሎ አጥፍተሃታል ልጄ። ቴስታዋ ተርፏል» አለኝ። መኪናችሁ ከፈላች በኋላ ይህን ሳያይ ታይሚንግ መፍታት የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ አስቁሙት። ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ከሆነ ሥራው ሌላ ነው። አዲስ ቤልት አስገብታችሁ በሳምንቱ መልሳችሁ ታስፈታላችሁ።

ከዚያ ከፈተው። ቤልቱ አዲስ ነው፤ ጽሑፉ እንኳ አልጠፋም። ግን በኩላንት ርሷል፣ አንደኛው ጠርዙ ተፈርፍሯል። ፓምፑን በእጁ ይዞ ሲነቀንቀው ቀጭ ቀጭ ይላል። ተወዛውዞ ስለዞረ ቤልቱን ወደ አንድ ወገን ሲገፋው ቆይቷል። ማወጠሪያው ላይ ያለው ኩሽኔታም ሲዞር እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል፤ እሱም አሮጌው ነው። ባጭሩ ቤልት ብቻ ተቀይሮ የተቀረው እንዳለ ተዘግቷል።

ለቀድሞው ባለቤት ደወልኩ። ሰውዬው አልደበቀም። ያኔ የሠራለት ሰው «ፓምፑ ገና ጤነኛ ነው፣ ለምን ገንዘብ ታወጣለህ» ብሎት እንደነበር ነገረኝ። አዘኔታ ይመስላል፤ ለብዙ ሰውም እንዲህ ይባላል። ፓምፑ በዚያ ቀን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ግን አሮጌው ፓምፕ ላይ አዲስ ቤልት በደንብ ተወጥሮ ሲጫንበት የደከመው ኩሽኔታ ያኔ ነው የሚያልቀው። በኋላ እሱን ለመቀየር ደግሞ ያው ጎማ፣ ያው ክሪክ፣ ያው የእጅ ዋጋ። በዚያ ላይ አዲሱ ቤልትም ይጣላል፤ በውሃ ወይም በዘይት የራሰን ቤልት ጠርጎ መመለስ የለም። የኔም ተጣለ።

«ብትበጠስ ምን ይሆን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ሣቀ። «ይቺ ሞተር ቫልቯ ከፒስተኗ አይገናኝም። ትቆምብሃለች፣ አዲስ ቤልት ታስገባለህ፣ ትነሣለች። 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ቢሆን ኖሮ ግን አሁን የምናወራው ስለ ቫልቭ ነበር።» እውነቱን ነው። ሁሉም ሞተር እንደዚህ አይምርም። ብዙዎቹ ላይ ቤልቱ ሲበጠስ ፒስተን ቫልቩን ይመታና ያጣምመዋል። ከዚያ ቴስታ ይወርዳል። የእናንተ ሞተር የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ከሚመታው ወገን ነው ብላችሁ ተጠንቀቁ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት። የአክስቴ ልጅ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደልኝ። የሊብሬውን ፎቶ፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተሩን ኮድ በቴሌግራም ላክሁለት። የድሮውን ፓምፕም ከፊትና ከኋላ አንሥቼ ላክሁ። የሞዴል ስም ብቻ ይዛችሁ ወደ መለዋወጫ ሱቅ አትሂዱ፤ ራቭ ፎር ራሷ ከአንድ በላይ ሞተር አላት። ዕቃው በአውቶቡስ ተልኮ ማታ ደረሰ። ጠዋት መካኒኩ ካርቶኑን ከፍቶ ፓምፑን በጣቱ አዞረና መልሶ ከተተው። «ይሄ አይገባም።» ካርቶኑ ላይ የታወቀ የጃፓን ስም አለ። ፓምፑ ግን አዲስ ሆኖ ሲዞር ሻካራ ነው፣ ዘንጉም ትንሽ ይነቃነቃል። የሚገጥምበት ፊት ላይ የመፈልፈያ ጠባሳ አለ። ካርቶኑን ደግሜ ሳነብ የስሙ አንድ ፊደል የተሳሳተ ነው። ባለ ሱቁ ሳይጨቃጨቅ ቀየረለት፤ ደረሰኝ ስለነበረ።

እንግዲህ እናንተም ሱቅ ውስጥ እንደቆማችሁ ካርቶኑን አስከፍቱ። ፓምፑን በእጃችሁ አዙሩት፤ ያለ ድምፅ፣ ትንሽ ከበድ ብሎ፣ እኩል መዞር አለበት። ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት፤ ምንም መነቃነቅ የለም። ቤልቱ ደግሞ መቼም ተጣጥፎ ወይም በሽቦ ታስሮ የተቀመጠ አይሁን። ውስጡ የመስታወት ክር አለ፤ አንዴ ከተሰበረ ከላይ አይታወቅም። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የከረመ ላስቲክም ያው አሮጌ ነው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ባይሄድም። አይሲን፣ ጂኤምቢ፣ ባንዶ፣ ሚትሱቦሺ፣ ጌትስ የሚባሉትን ስሞች መካኒኮች ያምኗቸዋል። ስለሚታመኑም ነው የሚቀዱት።

ለአንድ ጊዜ ሥራ የገዛነው ይህ ነው፦ ቤልቱ፣ ውሃ ፓምፑ ከጓርኒሲዮኑና ከኦሪንጉ ጋር፣ ማወጠሪያውና ሁለተኛው ማዞሪያ ፑሊ፣ የማወጠሪያው ስፕሪንግ፣ የክራንክ፣ የካምና የዘይት ፓምፕ ኦይል ሲሎች (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱ ማሸጊያዎች)፣ ቴርሞስታት፣ ኩላንት። ኦይል ሲሎቹ ዋጋቸው ትንሽ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ዘይት ማፍሰስ ከጀመረ ግን አዲሱን ቤልት ያበሰብሰዋል፤ እንደገና ያው ታሪክ ነው።

ሥራውን አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ጋራዡ ከፈቀደላችሁ እናንተም ቁሙ፤ አንገት ላይ ሳትቆሙ ግን፣ ማንም ሰው አፍንጫው ሥር እያዩበት ደኅና አይሠራም። ልታዩ የሚገባችሁ ጥቂት ነገር ነው።

አንዱ የፓምፑ ብሎኖች ናቸው። በ10 ቁልፍ የሚፈቱ ትንንሽ ብሎኖች ናቸው። ለዓመታት በውሃ ውስጥ ዝገው ስለተቀመጡ በጉልበት ሲፈቱ ይቆረጣሉ። ሽማግሌው ዘይት ረጭቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ተመልሶ ትንሽ ወደ ማጥበቅ ከዚያ ወደ መፍታት እያደረገ አወጣቸው። ሲመልሳቸው ደግሞ በአጭር ቁልፍ ነው ያጠበቃቸው። ረጅም እጀታ ይዞ የሚያንቋቋ ሰው አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የድሮው ጓርኒሲዮን ተጣብቆ የቀረበትን ፊት በቢላ ፍቆ በጨርቅ አጸዳ። ከጓርኒሲዮኑ ጋር ሲሊኮን አልለደፈም። የተትረፈረፈ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ገብቶ ራዲያተር ይደፍናል።

ሁለተኛው ምልክቶቹ ናቸው። የካም ፑሊው ላይ ያለችው ቀዳዳ ከጀርባዋ ካለው ምልክት ጋር መግጠም አለባት። የክራንክ ፑሊው ጭረትም ሽፋኑ ላይ ካለው ዜሮ ጋር። ቤልቱ ከገባ በኋላ ማወጠሪያውን በካቻቪቴ አልገፋውም፤ ብሎኑን አላልቶ ስፕሪንጉ ራሱ እንዲወጥረው ተወው። ከዚያ የክራንኩን ብሎን በቡሶላ ይዞ ሞተሩን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዞረ፤ ሁልጊዜ በሰዓት አቅጣጫ፣ ወደ ኋላ በፍጹም። ሲመለስ የካሙ ምልክት በአንድ ጥርስ አልገጠመም። ምንም ሳይናገር ፈታና ደገመ። እንደገና ሁለት ዙር። ገጠመ።

ይህች ሁለት ዙር የሥራው ሁሉ ፈተና ናት። አንድ ጥርስ ቢያልፍ ሞተሩ ይነሣል። ግን ዳገት ላይ ይደክማል፣ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ይጠጣል። እናንተ ካንዴላ ስትቀይሩ ትከርማላችሁ። ስለዚህ ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት «በእጅ አዙረኸዋል? ምልክቱን አሳየኝ» በሉ። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቀየምም። ፎቶም አንሡ።

ሦስተኛው አየር ማስወጣት ነው። አዲስ ፓምፕ ገብቶ ከውስጥ የታመቀ አየር ካለ መኪናዋ መልሳ ትፈላለች፤ ሰዎችም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላሉ። አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቆማት። ማሞቂያውን ከፈተ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን አስነሣና ኩላንት ቀስ እያለ ጨመረ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ አረፋው እስኪያልቅ። ከማሞቂያው ሞቅ ያለ አየር ሲወጣ ክዳኑን ዘጋ። ስለ ቴርሞስታቱ ስነግረው ደግሞ «አውጥተው ጣሉት?» ብሎ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

የወጣውን ፓምፕ አሳየኝ። ውሃውን የሚገፋው ምላሱ በዝገት ተበልቶ ጠርዙ እንደ ወረቀት ሳስቷል። የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት የኖረ ሞተር እንደዚያ ነው። ኩላንት ቀለም ያለው ውሃ አይደለም። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል፣ የፓምፑን ማሸጊያም ያለሰልሳል። ያልተበረዘውን ከገዛችሁ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉት። የተለያየ ዓይነት ኩላንት አትደባልቁ።

በተመለስኩ በሳምንቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ራዲያተሩን ከፍቼ አየሁ፤ ትንሽ ጎድሎ ነበርና ሞላሁት። ይህ የተለመደ ነው፤ የቀረ አየር ሲወጣ ይጎድላል። ሁለተኛ ጊዜ ካጎደለ ግን ወደ ሠራው ሰው ተመለሱ። የተሠራበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትሩንና የተቀየሩትን ዕቃዎች ጽፌ ኮፈኑ ሥር ለጥፌያለሁ፤ ደረሰኞቹም ከሊብሬው ጋር ናቸው። መኪና ስትገዙ የምትጠይቁት ወረቀት ይህ ነው። ሻጭ «ተቀይሯል» ካለ የትኛው ዕቃ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ ደረሰኙ የት አለ በሉ። ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥራችሁ ሙሉውን ወጪ ከዋጋው ላይ ተደራደሩበት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙ አትመኑት፤ ወደኋላ ይመለሳል። ቤልት ደግሞ ባይሮጥም ያረጃል፤ ከሰባት ከስምንት ዓመት በላይ የቆየውን ቀይሩት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያሉን አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ናቸው።

ሁሉም መኪና ይህ ጣጣ የለበትም። ቪትዝ፣ ዲዛየር፣ ከፈረንጆች 2000 ወዲህ የመጣችው የቤንዚን ራቭ ፎር በቤልት ፋንታ ሰንሰለት ነው ያላቸው። ሰንሰለት በየጊዜው አይቀየርም፤ በምትኩ ዘይቱን በሰዓቱ መቀየር ይፈልጋል። 4ኤ እና 5ኤ ሞተር ያላት የድሮዋ ኮሮላ ቤልት አላት፣ ውሃ ፓምፗ ግን በውጭኛው ቺንጊያ ስለሚዞር ለብቻው ይቀየራል። የ3ኤልና የ5ኤል ናፍጣዎችም ፓምፓቸው ከታይሚንጉ ውጭ ነው፤ ቤልታቸውን ግን አንድ ቀን እንኳ አታሳልፉባቸው። የድሮዋ ሃዩንዳይ አክሰንት ባለቤቶችም ቤልቱን አታሳልፉ፤ ያ ሞተር ቫልቭ ይመታል።

ፉጨት ሰምታችሁ ታይሚንጉ ይሁን የውጭኛው ቺንጊያ ካልለያችሁ ቀላል ዘዴ አለ። የውጭኛውን ቺንጊያ አስፈቱና ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነሡ። ድምፁ ከጠፋ ከውጭ ነው። ካልጠፋ ሽፋኑን አስከፍቱ።